ዳጣ የማንም ፔስቶ አይደለም

«የሐበሻ ፔስቶ» የሚባል ነገር ተወልዷል። አሳዳጊዎቹም ጥቂት አይደሉም። ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ ምግብ ቤት የዋጋ ዝርዝር ላይ ተጽፎ አይቼዋለሁ፤ ከባሕር ማዶ ለዕረፍት የመጡ ዘመዶቻችን ለፈረንጅ ጓደኞቻቸው ሲያስተዋውቁት ሰምቻለሁ፤ የወጥ ቤት ሙያ እናስተምራለን በሚሉ ሰዎችም አፍ ገብቷል። ነገሩ ሲገለጥ ሌላ ምንም አይደለም፤ ዳጣ ነው። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና በሶብላው አንድ ላይ ተደቁሶ ከቆጮና ከጥሬ ሥጋ ጋር ስንበላው የኖርነው ዳጣ። ሥጋ ቤት ውስጥ በትንሽ ሳህን ያለ ሒሳብ ሲቀርብ ዳጣ ነበር። በሰፊ ነጭ ሳህን ላይ ከተጠበሰ ዳቦ ጋር ተቀምጦ ዋጋ ሲቆረጥለት ግን ፔስቶ ሆነ።

ይህን ባነሣሁ ቁጥር «ምን አለበት? እንግዳው እንዲገባው ያህል ነው እኮ!» የሚሉኝ አሉ። ለማስረዳት ማመሳሰል በራሱ ነውር የለበትም። እንጀራን ለማያውቅ ሰው «እንደ ስስ ቂጣ ያለ» ብንለው የሚጎዳ የለም። ይሁን እንጂ እንጀራን በዋጋ ዝርዝር ላይ «የሐበሻ ክሬፕ» ብለን ጽፈን እንሽጠው ቢባል የሚስማማ ማነው? ማስረዳት አንድ ነገር ነው፤ ስም መንጠቅ ሌላ ነገር ነው። ሲያስረዱ ስሙ ይቀድማል፣ ማብራሪያው ይከተላል። ሲነጥቁ ግን ማብራሪያው ስሙን ውጦ በቦታው ይቀመጣል። ደግሞስ ያንን ዝርዝር አንሥቶ የሚያነበው በአብዛኛው ማን ሆነና ነው? የአገሩ ሰው አይደለም? ዳጣ እየበላ ላደገ ሰው ዳጣን በፔስቶ ማስረዳት ምን ይሉታል?

እስኪ ፔስቶን ራሱን በገዛ ወንበሩ አስቀምጠን እንየው። ፔስቶ የሰሜን ጣሊያን የወደብ ከተማ የጄኖቫ ምግብ ነው። ቃሉ «መውቀጥ» ከሚለው የጣሊያንኛ ግሥ የወጣ ሲሆን የተወቀጠ ማለት ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምሥጢር የለውም። የሚገቡበት ነገሮች ሰባት ናቸው። ለጋ የበሶብላ ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የፈረንጅ ጥድ ዘር፣ ፓርሚጃኖና ፔኮሪኖ የሚባሉ ሁለት ደረቅ ፎርማጆዎች፣ የወይራ ዘይትና ጨው። እሳት አይነካውም። ፓስታው ሲበስል ከተቀቀለበት ውሃ ጥቂት ጠብ አድርገው ያቀጥኑትና ያለብሱታል።

ይህ ዛሬ የሚማልበት ዝርዝር ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ጄኖቫ ውስጥ የታተመው የጆቫኒ ባቲስታ ራቶ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ የሆላንድ ፎርማጆና ቅቤ ይገቡበት ነበር፤ በሶብላው ቢጠፋ ሌላ ቅጠል ይተካዋል ይል ነበር። የጄኖቫ ሰዎች ጻፉት፤ ተከራከሩበት፤ አስተካከሉት፤ ከዚያም አጥር አጠሩለት። እ.ኤ.አ. በ2005 የአውሮፓ ኅብረት የጄኖቫን በሶብላ በአካባቢው ካልበቀለ በቀር በዚያ ስም እንዳይሸጥ አድርጎ መዘገበላቸው። በ2007 ደግሞ 100 ሰው የሚፋለምበት የዓለም የፔስቶ ሻምፒዮና ጀመሩ። የመፋለሚያው መሣሪያ ምን ይመስላችኋል? የእብነ በረድ ሙቀጫና የእንጨት ዘነዘና! ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ወደዚያ አይደርስም።

በእኛስ ከተማ? እንግዳ ይመጣል ሲባል መጀመሪያ ከዓይን የሚሰወረው ሙቀጫው ነው። ወፍጮውና መጁማ ድሮ ከጓሮ ተጥለው ዶሮ ይቆምባቸዋል። ጣሊያኑ ሙቀጫውን ከቤተ መንግሥት አዳራሽ አስገብቶ ዋንጫ ሲሸልምበት እኛ በሙቀጫችን አፍረን የሙቀጫውን ልጅ በጣሊያንኛ እንጠራለን። ከፔስቶ የምንማረው ነገር ካለ ስሙን ሳይሆን ለስሙ የተደረገለትን ድካም ነበር። የተገላቢጦሽ ሆነና ስሙን ወሰድን፣ ድካሙን ተውን።

ወፍጮው ከጓሮ ካልተጣለበት ስፍራ ልውሰዳችሁ። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ዲላ ትደርሳላችሁ፤ ከዲላ ወደ ደቡብ ይርጋ ጨፌን ስታልፉ ኮቸሬ ወረዳ ነው። ጨለለቅቱ የኮቸሬ ከተማ ናት። እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቆቹ ዛፎች አንዱ በሌላው ጥላ ሥር ተጠጋግተው የሚኖሩበት አገር ነው። በሶብላና ጤና አዳም ከቤቱ ጥግ፣ ከደጃፉ ራቅ ሳይሉ ይበቅላሉ። ዳጣ የጌዴኦ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ወላይታው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌው ሁሉም የየራሱ አለው፤ የማንኛችን ይበልጣል ብለው ቢሟገቱም ያምርባቸዋል። ጨለለቅቱን ያነሣሁት ከዚያ የቀመስኩት በልኬት ይዤው ስለ መጣሁ ነው።

ልኬቱን ማግኘት ቀላል አልነበረም። የቤቲቱን እመቤት፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፣ «ስንት ቃሪያ፣ ስንት ሽንኩርት ያስገባሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ይቆጠራል እንዴ? ዓይንህ እያየ ነው፤ ይልቅ ቆጮው ሳይቀዘቅዝ ብላ» አሉኝ። እኔም እየበላሁ በዓይኔ ቆጠርኩ። ግማሽ ኪሎ የሚሆን ቃሪያ፤ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፤ አውራ ጣት የሚያህል ሁለት ዝንጅብል፤ አንድ እፍኝ በሶብላ ከነአበባው፤ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል፤ ሦስት ዘለላ ጤና አዳም፤ የሁለት ኮረሪማ ፍሬ፤ ጨው።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ከልኬቱ ይበልጣል። መጀመሪያ ወፍጮው ላይ የወጣው ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ነው። ጥሬው ጨው እንደ አሸዋ እየፋቀ ሽንኩርቱን ያልመዋል። ቀጥሎ ኮረሪማው፣ ከዚያ ቅጠላ ቅጠሉ፤ ቃሪያው በመጨረሻ ገባ። ቃሪያው ቢቀድም ውሃውን ይለቅና ሽንኩርቱ ከመጁ ሥር እየሾለከ ያስቸግራል። እመቤቲቱ ይህን በቃል አላስረዱኝም፤ ልጃቸው ቃሪያውን አስቀድማ ልትጨምር ስትል እጇን ያዝ አድርገው ሲመልሱት ነው የገባኝ። ደቁሰው ሲጨርሱ ከእጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ፤ ጨው ጨመሩ፤ ደገሙና ቀመሱ። የዚያኑ ዕለት የተበላው ትኩሱ ነው። ቢሰነብት ደግሞ እየጎመዘዘ ይሄድና ሌላ ጣዕም ያወጣል፤ ያንን የሚመርጥም አለ።

አሁን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡልኝ። የፔስቶ ሥጋው በሶብላ ነው፤ የዳጣ ሥጋው ቃሪያ ነው፣ በሶብላው አጃቢ ነው። ፔስቶ ዘይት፣ ቅባት ያለው ዘርና ፎርማጆ ከሌለው ፔስቶ አይደለም፤ ዳጣ ሦስቱንም አያውቃቸውም። በሶብላውም ቢሆን ዘመዳም ነው እንጂ አንድ አይደለም። የጄኖቫው ሳያብብ የሚቀጠፍ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ለጋ ቅጠል ነው፤ የእኛው ከነአበባው የሚፈለግ፣ ሽታው አፍንጫ ሰንጥቆ የሚገባ፣ ደርቆም ለበርበሬው፣ ለሽሮውና ለቅቤ ማንጠሪያው የሚሆን ነው። እንግዲህ የሚገናኙት በጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ይወቀጣሉ፣ ሁለቱም ከበሶብላ ወገን ይነካካሉ። በዚህ በዚህ ዝምድና ስም ይወረሳል ከተባለ ጣሊያኖቹ ለምን ፔስቷቸውን «የጄኖቫ ዳጣ» ብለው አይጠሩትም? ያስቃል አይደል? ያኛው ካሳቀን ይኸኛው ለምን ሳያስቀን ቀረ?

በጌዴኦ ምድር የስም ዋጋ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገባ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተነሥቶ ተቃወመ፤ ክርክሩ የዓለም ጋዜጦችን አዳረሰ፤ በመጨረሻ ሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት ተቀብሎ ስምምነት ፈረመ። ያ ሁሉ ሙግት ስለ ቡናው ፍሬ አልነበረም፤ ፍሬው ድሮም ይሸጥ ነበር። ሙግቱ ስለ ስሙ ነበር። ዛሬ ኮቸሬ የሚለው ቃል ከጌዴኦ ወጥቶ በማያውቁት አገሮች የቡና ከረጢት ላይ ታትሞ ይሸጣል። ከዚያው ጓሮ፣ ከዚያው ዛፍ ጥላ ሥር የበቀለው በሶብላና ቃሪያ ግን አዲስ አበባ ሲደርስ ስሙን ያራግፋል። ቡናው አትላንቲክን ሲሻገር የያዘውን ስም ዳጣው ሞጆን ሳያልፍ ይጥለዋል ማለት ነው።

ይህ የድሃ አገር ዕጣ ነው የሚለኝ ካለ ቱኒዚያን ይመልከት። ሐሪሳ የሚሉት የተደቆሰ ቀይ በርበሬ አላቸው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅመምና የወይራ ዘይት የገባበት፣ የእኛን አዋዜ የሚያስታውስ ነገር ነው። ዓለም ሐሪሳን በሐሪሳነቱ ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩኔስኮ የሐሪሳን ዕውቀትና አሠራር በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረላቸው። «የቱኒዚያ ፔስቶ» ብለው ቢነሡ ኖሮ ማን ይመዘግብላቸው ነበር?

የኔን ጽሑፍ ይዘው «ባዕድ ነገር ይውደም» ለማለት የሚሮጡም አይጠፉምና ለእነሱም አንድ ሁለት ቃል አለኝ። ቃሪያ ራሱ ባዕድ ነው። ከአሜሪካ አህጉር ተነሥቶ ዓለምን የዞረው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ዳጣን «ከጥንት ከጠዋቱ» እያልን የምንምልበት ሰነድ የለንም፤ አያስፈልገንምም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወርሮን በ1933 ሲወጣ ፓስታውን ትቶልን ሄደ። «ሳልሳ» ሲል የሰማነውን ስልስ አልነው፤ በርበሬ ጨመርንበት፤ በጾም ቀን በላነው፤ ዛሬ ስልስ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ያለውን ውሰት እወደዋለሁ። ያልነበረን ነገር ከነስሙ መጣ፣ ስሙም አፋችን ውስጥ ተለዝቦ የእኛ ሆነ። የነበረንን ነገር ስሙን ገፎ በተውሶ ስም ማልበስ ግን ውሰት አይባልም።

ፔስቶም ቢሆን ጠላቴ አይደለም። ቤቴ ውስጥ እሠራዋለሁ፤ የሚሠራው ሰው እንዲበዛም እመኛለሁ። የፈረንጅ በሶብላ ዘር የሚያገኝ ሰው በባልዲ አፈር እንኳን ሊያበቅለው ይችላል። 50 ግራም የሚሆን ለጋ ቅጠል፣ አንድ ወይም ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ዘር፣ ከስድስት እስከ ስምንት ማንኪያ የተፈቀፈቀ ደረቅ ፎርማጆ፣ ግማሽ ስኒ የወይራ ዘይት፣ ቁንጥር ጥሬ ጨው ይበቃል። የጥዱ ዘር ኪስ ይጎዳልና የተላጠ ሱፍ ወይም ያልተቆላ ኦቾሎኒ ቢተካበት አይከፋም። የኑግ ዘይት ግን አይሞከር፤ ኑግ ከገባ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። የገበያውን ደረቅ በሶብላ በውሃ ዘፍዝፋችሁም ፔስቶ ሠራን እንዳትሉ፤ የሚወጣው የቅቤ ማንጠሪያ ሽታ ያለው ጭቃ ነው። ሽንኩርቱና ጨው ይቅደሙ፤ ቀጥሎ ዘሩ፣ ከዚያ ቅጠሉ ጥቂት በጥቂት፣ ፎርማጆውና ዘይቱ በመጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ከጨለለቅቱ ወፍጮ ብዙም አይርቅም፤ በዚህስ ሁለቱ እጅ ለእጅ ቢጨባበጡ ደስ ይለኛል።

በማደባለቂያ ማሽን ለሚሠሩት አንድ ነገር ልጨምር። ምላጩ ቅጠሉን ይቆራርጠዋል እንጂ አያደቅቀውም፤ ሲሽከረከርም ይሞቃል። የተቆራረጠውና የሞቀው ቅጠል አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። የግድ ካላችሁ ምላጩንና ጣሳውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይታችሁ፣ ትንሽ ትንሽ እያቋረጣችሁ ፍጩ። ለዳጣም ያው ነው።

ዘይት ነክ ነገር ካነሣሁ ደግሞ የማላልፈው አለ። አሁን አሁን አንዳንድ የከተማ አዘጋጆች ዳጣውን እንዲሰነብት ብለው ዘይት ያፈሱበትና በተጣለ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተው ፀሐይ ላይ ደርድረው ይሸጡታል። ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ተደፍኖ ያለ ማቀዝቀዣ ሲከርም አየር በሌለበት የሚራባ ባክቴሪያ ገዳይ መርዝ ሊያመነጭበት ይችላል፤ ሕመሙ ቦቱሊዝም ይባላል፤ መርዙ በሽታም በጣዕምም ላይታወቅ ይችላል። ዘይት የገባበት ዳጣም ሆነ ፔስቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላ፤ የተረፈው በረዶ ቤት ይግባ። «ዳጣ ብቻ ነው እኮ፣ ምን ይሆናል?» የሚባለው ለምን ይመስላችኋል? ዋጋ ያልተሰጠው ነገር ጥንቃቄም ስለማይሰጠው ነው።

የነገሩ ጭብጥ ያለውም እዚሁ ዘንድ ነው። ሥጋ ቤት ገብተን ሥጋውን በኪሎ እንከፍላለን፤ ቢራውን በጠርሙስ እንከፍላለን፤ ዳጣው ነፃ ነው። «ጨምሪልን» ስንል ይጨመራል፤ ሒሳብ ላይ አይወጣም። ወንዶቹ በተለይ፣ እኔም አለሁበት፣ ዳጣው ያላቃጠለ ቀን እናማርራለን እንጂ ማን ደቆሰው ብለን አንጠይቅም። ማጀት ውስጥ ግን ዓይኗን ቃሪያ ያቃጠላት፣ እጇ እስከ ማታ የሚለበልባት ሴት አለች። ያ ድካም ሒሳብ ላይ የሚወጣው መቼ ነው? ስሙ ፔስቶ የሆነ ዕለት! ያን ጊዜም ዋጋው የሚገባው ስሙን ለቀየረው ሰው ኪስ ነው። ደቋሿ የዳጣ ደመወዟን ይዛ እዚያው ማጀት ትቀራለች። በ«ምን አለበት» የሚታለፈው የስም ለውጥ የገንዘብ መንገድም ይቀይራል።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደስ ብሎናል፤ ሊያስደስትም ይገባል። ዛፉ፣ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ገበሬው አንድ ላይ የኖሩበት ጥበብ ተከበረ። ታዲያ ያ ሁሉ የሚበቅለው ለማን ማጀት ነው? ከእንሰቱ ቆጮ የምታወጣው፣ ከጓሮው በሶብላ ቆርጣ የምትደቁሰው ሴት ዕውቀት የትኛው መዝገብ ላይ ነው ያለው? የአገራችንን የምግብ አሠራር መጻሕፍት ያገላበጠ ሰው ዶሮ ወጥን በሰባት ዓይነት ያገኛል፤ ዳጣን ከአንድ አንቀጽ በላይ የሰጠው ብዙ አያገኝም። የጄኖቫው ራቶ ከ150 ዓመት በፊት ያደረገውን እኛ ዛሬ ለማድረግ የጎደለን ምንድን ነው? ብዕር ወይስ ወረቀት?

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የምግብ ቤት ባለቤቶች ዝርዝራችሁ ላይ «ዳጣ» ብላችሁ ጻፉ፤ የየት አገር ዳጣ እንደሆነ አብራችሁ አስፍሩ፤ ለፈረንጁ ማብራሪያ ካስፈለገ ከሥሩ በትንሽ ፊደል ይግባ። ዋጋ ቁረጡለት፤ ከዋጋውም ለደቆሰችው ድርሻዋን ስጡ። ደንበኛውም «ዳጣ ደግሞ በገንዘብ ሆነ?» ብሎ አይጩህ፤ ለሁለት ማንኪያ ፔስቶ ያለ ጭቅጭቅ ከፍሎ ሲወጣ አይተነዋል። የምግብ አሠራር አስተማሪዎች ደግሞ የወላይታውን፣ የሲዳማውን፣ የጉራጌውንና የጌዴኦውን ለያይታችሁ አሳዩን፤ ጤና አዳም የሚያበዛው ማን ነው፣ በቀይ ቃሪያ የሚሠራው ማን ነው፣ ሳያጎመዝዝ የማይበላው ማን ነው? እኔ የጨለለቅቱውን ልኬት ከላይ አስቀምጫለሁ። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ በሌላ መልክ የምትደቁስ ካለች አጠገቧ ተቀመጡና ቁጠሩ፤ በግራም ባይሆን በእፍኝ ጻፉት።